ጉልላቱን ላፍርሰው ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በአንድ የክልል ከተማ ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ እያሠሩ ነው። ደረጃው በሕንፃው መሀል ስለሚወጣ አርክቴክታቸው ከላይ ብርሃን እንዲገባለት ብሎ ጣሪያው ላይ አራት ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉልላት አደረገበት፤ ከጉልላቱ ሥርም ዙሪያውን ቅስት መስኮቶች ደረደረ። ልስኑ ሳያልቅ ተቃውሞ መጣ። ከፊሉ ጎረቤት «መስጊድ እየሠራህ ነው» አላቸው። ሌሎቹ ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሰቅሎ መኝታ ማከራየት ነውር ነው» አሉ። ሽማግሌዎች መጥተው እንዲያፈርሱት ለምነዋቸዋል፤ ለወረዳውም አቤቱታ ገብቷል። የሚጠይቁት፦ «ሰዎቹ ይህን የማለት መብት አላቸው? ላፍርሰው ወይስ ልጽና?»

አያፍርሱት። ቢያንስ እኔ ከዚህ በታች የምጠይቅዎትን ሳያጣሩ መዶሻ አያሳርፉበት። ነገር ግን ጎረቤቶችዎንም እንደ አላዋቂ ቆጥረው አይመልሷቸው። ሕንፃ መንደፍ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ጉዳይ ተቃዋሚዎች ትክክል ሆነው ያገኘሁበት ጊዜም አለ፤ እርሱንም እነግርዎታለሁ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ማስረጃ ሳያስተውሉት ጽፈውልኛል። አንዱን ጉልላት አንዱ መስጊድ አለው፤ ሌላው ቤተ ክርስቲያን አለው። አንድ ቅርጽ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ከመሰለ ሁለቱንም አይደለም ማለት ነው።

እስኪ «ጉልላት» የሚለውን ቃል እንየው። ከተማ ያደገ ሰው ጉልላት ሲባል የሚታየው የቤተ መቅደስ አናት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ግን ጉልላትን የሚያውቀው ከእናቱ ጎጆ ላይ ነው። የሣር ክዳኑ ከዙሪያው እየጠበበ ወጥቶ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲገናኝ እዚያች ነጥብ ላይ ክፍተት ይቀራል። ዝናብ በዚያ ከገባ ምሰሶው ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል፤ ምሰሶው ከበሰበሰ ቤቱ አለቀለት። ስለዚህ ከዳኙ ሥራውን ሲጨርስ አናቱ ላይ ሸክላ ይደፋበታል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካልተገኘ አፉ የተሸረፈ ገንቦም ይበቃል። የአያቴ ቤት ጉልላት ጎኑ የተሰነጠቀ እንስራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ አያቴ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነበር፤ ንፋስ አዘንብሎት ከሆነ ከጎረቤት አንድ ጎረምሳ ተጠርቶ ያቃናዋል።

በክቡ ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ያለው ጉልላት ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የክዳኑን ጫፍ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው የተጨመረበት መስቀል ነው፤ በመስቀሉ ጫፎች ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውስጡ ያለው ታቦት ነው። ገበሬው ቤቱን ክብ አድርጎ ሲሠራ ቤተ ክርስቲያን አስመሰልክ ያለው የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሆኖ ሲሠራም የገበሬ ቤት መሰለ ተብሎ አልተናቀም። ሁለቱንም የሠሩት እጆች አንድ ዓይነት ናቸው።

ወደ ኋላ ብንሄድም ነገሩ ይኸው ነው። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች ቀርበው ያዩ ሰው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቤት መሆኑን ያውቃል፤ ከታች በር አለ፤ ከዚያ በላይ ወለል በወለል መስኮት ይደረደራል። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ቅርጻቸው ግን የመኳንንት ቤት ፊት ነው። ያ በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ የመገንባት ዘዴ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ገባ፤ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ነጭ ልስንና ጥቁር እንጨት እየተፈራረቀ ዛሬም ይታያል። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉ ሰዎች ደግሞ እንጨት ምንም ሥራ በሌለበት ዐለት ላይ የእንጨቱን መስመር ሳይቀር ቀረጹት። አስቡት፤ ከቤት ወደ መቃብር፣ ከመቃብር ወደ ቤተ መቅደስ። ዛሬ አንድ ሰው ሳሎኑን በዚያ ስልት ቢሠራ «የቤተ ክርስቲያን አስመሰልክ» ይባላል፤ ቅርጹ ግን ወደ ወጣበት ወደ ቤት ነው የተመለሰው።

ጎንደር ሄደው የፋሲልን ግንብ ቢያዩ በአራቱ ማዕዘን ላይ አራት ክብ ማማዎች አሉ፤ አናታቸው እንደ እርስዎ ጉልላት ድፍን ነው። ንጉሥ የኖረበት ቤት ነው። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ መስጊድ ብሎ የተጨቃጨቀበት ሰው አልሰማሁም። የውጭውንም አንድ ብቻ ልጥቀስ፤ ሮም ያለው ፓንቴዎን 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላቱ የተደፋው ለጣዖታት ነው። እ.ኤ.አ. በ609 ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ጉልላቱን የነካው የለም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ጎረቤቶችዎ ታሪክ ስላላነበቡ ተሳሳቱ ለማለት አይደለም። በሌላ አገር የተማሩ ሰዎች፣ የከተማ ምክር ቤቶች ሳይቀሩ በዚሁ ነገር ተሰናክለዋል። ሁለቱን ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት፤ ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር አለባቸው።

በጀርመኗ ድሬስደን ሁጎ ዚትስ የተባለ የሲጋራ ነጋዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፋብሪካ መሥራት ፈለገ። ቦታው ለአሮጌው ከተማ ቅርብ ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ፋብሪካ መሆኑ የሚያስታውቅ ሕንፃ መሥራት አይፈቀድም ነበር። እርሱም ማርቲን ሐሚትሽ የተባለ ወጣት አርክቴክት ቀጥሮ በካይሮ ያሉትን፣ በመካከለኛው ዘመን ግብፅን የገዙትን የማምሉኮች መቃብሮች የሚመስል ሕንፃ አሠራ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1909 አለቀ። ከላይ ባለ ቀለም መስታወት ጉልላት አለው፤ ቁመቱ እስከ ጫፉ 62 ሜትር ነው፤ ሚናራ የሚመስለው ረጅሙ ማማ ደግሞ የጭስ ማውጫ ነው። ስሙን የኒድዜ አለው፤ ትንባሆው የሚመጣበት፣ ያኔ በኦቶማን ግዛት የነበረ ቦታ ስም ነው። ጉልላቱም ሚናራውም ማስታወቂያ ነበሩ። የከተማው ሰው ተቆጣ፤ አርክቴክቶችም ተቆጡ፤ በባሮክ፣ በድሮው የአውሮፓ ያጌጠ የሕንፃ ስልት የታወቀ ከተማችንን ገጽታ አበላሸ አሉ። «የትንባሆ መስጊድ» የሚለው ስም ከዚያ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

እኔ ይህን ሕንፃ በሁለት ልብ ነው የማየው። ሥራው ድንቅ ነው፤ በአርማታ አጽም ከተሠሩ የጀርመን ቀደምት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ነገር ግን አዛን የሚወጣበትን ማማ ጭስ ማውጫ ማልበስ፣ ያውም ሲጋራ ለመሸጥ፣ ያሳዝነኛል። ተቃዋሚዎቹ ግን ያዘኑት ለዚህ አልነበረም፤ እነርሱ ያሳሰባቸው የራሳቸው ከተማ መልክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድብደባ ቆስሎ የተረፈው ያ ሕንፃ ዛሬ ቢሮዎች አሉበት፤ ከጉልላቱ ሥር ሰው ይመገባል፤ ድሬስደንም እንደ ራሷ መታወቂያ ፖስት ካርድ ላይ ታትመዋለች።

ሁለተኛው የስዊዘርላንድ ነው። ቫንገን ባይ ኦልተን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የቱርኮች የባህል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 በራሱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ስድስት ሜትር ያህል ቁመት ያላት ሚናራ ለማቆም ፈቃድ ጠየቀ። ቦታው የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። ጎረቤት ተቃወመ፤ የአካባቢው የግንባታ ኮሚሽን ከለከለ፤ ካንቶኑ (የክልሉ መንግሥት) ፈቀደ፤ ነገሩ እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ ማኅበሩ ረታ። ሚናራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆመች። ተቃዋሚዎቹ በግንባታ ሕግ ማሸነፍ ሲያቅታቸው ወደ ሕገ መንግሥቱ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2009 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 57.5 በመቶ ድምፅ ሰጪ ደገፋቸውና «ሚናራ መሥራት የተከለከለ ነው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ውስጥ ገባች። በዚያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ናቸው።

ዐረፍተ ነገሯ ሚናራ ምን እንደሆነ አትናገርም። ወዲያው በቀጣዩ ወር በሎዛን አቅራቢያ ቡሲኚ በምትባል ቦታ አንድ የጫማ ነጋዴ፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው፣ ውሳኔውን ለመቃወም የመጋዘኑን ጭስ ማውጫ አስረዝሞ ሚናራ አደረገው። በኖይሻቴል ደግሞ ቸኮላት ሠሪው ፊሊፕ ሱሻር ከምሥራቅ ጉዞው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1865 በመኖሪያ ቤቱ ላይ ያቆማት ሚናራ አለች፤ ማንም ለሶላት ተጠርቶባት አያውቅም። እንግዲህ የቱ ነው ሚናራ? የጫማ መጋዘኑ? የቸኮላቱ ሰው ቤት? የማኅበሩ ስድስት ሜትር? ሕግ ቅርጽን በስም ከከለከለ በኋላ መልስ የሌለው ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ የሚጣራው ቅርጹ ሳይሆን የባለቤቱ ሃይማኖት ይሆናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የሩቅ ምሥራቁን ሳልጠቅሰው አላልፍም። በማሌዥያ ላንካዊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በአዲስ መንደር ቤቶች አናት ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ መስቀል ይመስላል ተብሎ ነዋሪ ተቃወመ፤ ገንቢው ቀለሙን ቀይሮ መስቀሉ እንዳይታይ ለማድረግ ተስማማ። አላፈረሰም፤ ቀለም ቀየረ። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ተቃዋሚዎች ትክክል ወደሆኑበት ልምጣ።

ከዓመታት በፊት ከከተማ መውጫ ላይ አንድ ሆቴል ነድፌ ነበር። ወደ መንገዱ በሚያየው ግድግዳ ላይ ከላሊበላ የወሰድኩትን የመስቀል መስኮት በትልቁ አወጣሁት፤ ከጎኑ ክብ ማማ አለ፤ በጊዜው የሠራሁት ሁሉ የአገሬን ጥበብ ማክበር መስሎኝ ነበር። ሆቴሉ በተከፈተ በሁለተኛው ወር ጥበቃው ጠራኝና አንድ ነገር ነገረኝ። አንዲት እናት በሌሊት፣ ወደ ገበያ ሲያልፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አጥሩ ሥር ይቆማሉ፤ የበሩን ምሰሶ ተሳልመው ይሄዳሉ። ሰንብተዋል። ጥበቃው «እማማ፣ ይህ ሆቴል ነው» ብሎ ሊነግራቸው አፍሯል። በማግስቱ በሌሊት ሄጄ አየሁ። ግንባራቸውን የነኩት እኔ የመረጥኩትን ድንጋይ ነው። ከውስጥ የሌሊቱ ዘፈን ገና አልቆመም።

የመስኮቶቹን አግዳሚ ክንድ አስደፈንኩ፤ ቋሚ ክፍተት ብቻ ሆነው ቀሩ። ማማው ግን እንዳለ አለ፤ ማማውን የተሳለመው ሰው የለም።

ያን ቀን የተማርኩት ቅርጽና ምልክት ሁለት መሆናቸውን ነው። ጉልላት፣ ቅስት፣ ማማ ቅርጽ ናቸው፤ የሁሉም ናቸው። መስቀል፣ ጨረቃና ኮከብ፣ የአላህ ስም የተጻፈበት ጽሕፈት ምልክት ናቸው፤ ባለቤት አላቸው። ጎረቤት «ምልክቴን ለንግድ አታውልብኝ» ሲል እውነት አለው። ከሁሉ የሚከፋኝ በሆቴሎችና በአዳራሾች ወለል ላይ በእብነ በረድ የሚነጠፈው መስቀል ነው፤ ሰው በጫማው ይረግጠዋል፤ የፈሰሰ መጠጥ ይጠረግበታል። ይህ አዲስ ቅሬታም አይደለም። የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ427 የክርስቶስን ምልክት በወለል ድንጋይ ላይ መቅረጽና መሣል በሕግ ከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. በ692 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤም በ73ኛው ቀኖናው እንዲጠፋ አዝዟል። በመጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተብሎ የቁርዓን አንቀጽ ሲለጠፍ ያዘነ ሙስሊም ወንድም ቢነግርዎትም ያለ ክርክር ያውርዱ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጣሪያ እንውጣ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጉልላቱ ጫፍ ላይ የተሰካው ብረት ምንድን ነው? ከብረታ ብረት ሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጌጥ ይመስለኛል፤ ሦስት ኳስ ተደርድሮ አናቱ ላይ ወደ ላይ የተቀለበሰ ቅስት አለው። ከሩቅ ጨረቃ ነው። «መስጊድ» ያሉት ሰዎች ያዩት ጉልላቱን ብቻ አይደለም። መስኮቶቹም ቅስት በመሆናቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ብረት ሠሪው እያንዳንዱን መስኮት በአንድ ቋሚና ከመሀል ከፍ ባለ አንድ አግዳሚ ብረት ከፍሎታል። ማታ ከውስጥ መብራት ሲበራ ከመንገድ የሚታየው በዙሪያው የተደረደረ መስቀል ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ያሉትም የሌለ ነገር አላዩም። አርክቴክትዎ ጉልላት ሣለ፤ ሁለቱን ሃይማኖት ያመጡት የብረት ሥራዎቹ ናቸው።

ጌጡን ያስወርዱት። መብረቅ መከላከያ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ይበቃል። የመስኮቱን ብረት በሁለት ቋሚ ይቀይሩት፤ አግዳሚ አያስገቡበት። ጉልላቱን አረንጓዴ ወይም ወርቃማ አይቀቡት፤ የግድግዳውን ቀለም ይስጡት። ይህ ሁሉ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ማፍረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ግማሽ ክብ የሆነ ጉልላት ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ከሥሩ ወደ ውጭ ይገፋል። ያን ግፊት የያዘው ከሥሩ ያለው የአርማታ ቀለበት ነው፤ የቀለበቱ ፌሮ (በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት) ደግሞ ከጣሪያው ሶሌታ (ጠፍጣፋ አርማታ) ፌሮ ጋር ተሳስሮ ነው የተሞላው። ሰዎች ተቆጥተዋል ተብሎ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኛ መዶሻ ይዞ ቢወጣና ከሥሩ መቁረጥ ቢጀምር፣ የላይኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ሊወርድ ይችላል። በየትኛውም ምክንያት ማፍረስ ግድ ከሆነ ከሥሩ ድጋፍ ቆሞ፣ ከአናቱ ተጀምሮ፣ መሐንዲስ ባለበት ነው።

የወረዳውን ነገር በተመለከተ፣ መጀመሪያ ራስዎ አንድ ነገር ያጣሩ፤ ጉልላቱ በጸደቀው ፕላን ላይ አለ ወይስ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ የተጨመረ ነው? ከኋላ የተጨመረ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ማሻሻያ ፕላን አስገብተው ያጸድቁ። እዚያ ላይ ጎረቤት ባይጠይቅዎትም ወረዳው የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ፕላኑ ላይ ካለ ግን ቆመው ይከራከሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን የመደበው በምሰሶዎች ርቀት፣ በፎቅ ብዛት፣ በከፍታና በአገልግሎት ነበር፤ የማን እምነት ይመስላል የሚል መለኪያ አልነበረውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥትም በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንድ የወረዳ ሹም «ይህ ቅርጽ የእነ እገሌ ሃይማኖት ነው፤ አንተ ልትጠቀምበት አትችልም» ብሎ ከፈረደ የግንባታ ውሳኔ አልሰጠም፤ የሃይማኖት ውሳኔ ነው የሰጠው። ይህን በአክብሮት፣ በጽሑፍ ይንገሯቸው።

በአቤቱታው ውስጥ ግን ስለ ከፍታ፣ ስለ ጥላ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ስለሚያይ መስኮት የተጻፈ ነገር ካለ ለይተው ያንብቡት። አንዳንድ ጊዜ ሰው ሃይማኖትን የሚያነሳው የልብሱን ማስጫ ፀሐይ ስለከለከሉበት ነው፤ እርሱን ለማንሳት ስለሚያፍር ወይም የሚሰማው ስለሌለ። ያን ጊዜ መልሱ ጉልላቱ ላይ አይደለም ያለው።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ መልሰው ይጥሯቸው። የሁለቱም እምነት ሰዎች በአንድ ቀን ቢመጡ ይሻላል። ጌጡ ከወረደ፣ ብረቱ ከተቀየረ በኋላ ይሁን፤ ቃል ብቻ ይዘው አይቀበሏቸው። ሰዓቱን እኩለ ቀን አካባቢ ያድርጉት። ከምድር ቤት ጀምሮ በደረጃው አብረዋቸው ይውጡ፤ መብራት አያብሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ ከላይ በግድግዳው ላይ ሲወርድ ያዩታል። ጉልላቱ ለምን እንደተሠራ የሚጠይቅዎት ካለ እዚያው ቆመው ይንገሩት።